ሂውማን ሰርቪስን በኦንላይን ልማር ወይስ ነርስነት ይሻለኛል?

የጠያቂዋ ደብዳቤ

ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በቨርጂኒያ ግዛት፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። የ39 ዓመት ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ትልቁ 9፣ ትንሿ 6 ዓመታቸው ነው። አገር ቤት ሳለሁ ደሴ ውስጥ ከመምህራን ትምህርት ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን አስተምር ነበር። ከባለቤቴ ጋር በዲቪ ከመጣን በኋላ ግን ወደ ሆም ኬር ሥራ ገብቼ እስካሁን በየቤታቸው እየሄድኩ አረጋውያንን እንከባከባለሁ። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ሁለታችንም ዜግነት ወስደናል።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ አንድ ሐሳብ ይዞኛል። ከምንከባከባቸው ሰዎች መካከል ልጃቸው ያመጣቻቸው አንዲት የአገራችን እናት አሉ። ልጃቸው ቀንና ሌሊት ስለምትሠራ እርሳቸው በእንግሊዝኛ የሚመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ሳይከፍቱ በመሳቢያ ያስቀምጡት ነበር። አንድ ቀን መድኃኒት ሊወስዱ ሄደው ሜዲኬይዳቸው፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን፣ መቋረጡ ተነገራቸው። ደብዳቤዎቹን አውጥቼ ሳያቸው ለካ የእድሳት ቅጽ ተልኮላቸው ኖሯል፤ ሳይሞላ ቀኑ አልፏል። ከልጃቸው ጋር ሆነን ደወልን፣ ስልኩ ላይ ብዙ ጠበቅን፣ ቅጹን ሞልተን ላክን፤ በመጨረሻም ተመለሰላቸው። እኒያ እናት የመረቁኝን ምርቃት አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎችም ደብዳቤ ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ እኔም ደስ እያለኝ አነብላቸዋለሁ።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ይህ እኮ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ሂውማን ሰርቪስ የሚባል፣ ሰውን ከማኅበራዊ አገልግሎት ጋር ማገናኘት የሚያስተምር ዲግሪ አለ፤ በኦንላይንም ይሰጣል» አለችኝ። ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ የአንድ ትምህርት ቤት ቅጽ ሞላሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የምዝገባ አማካሪ ነኝ የሚል ሰው በየቀኑ ይደውልልኛል። የሥራ ልምዴ እንደ ክሬዲት (እንደ ተማርኩት ኮርስ ተቆጥሮ) እንደሚያዝልኝ፣ ሁሉም ነገር ከቤት ሆኜ እንደሚያልቅልኝ፣ ክፍያውንም ፋይናንሻል ኤይድ እንደሚሸፍነው፣ በዚህ ወር ካልፈረምኩ ግን ዕድሉ እንደሚያመልጠኝ ነገረኝ።

ባለቤቴ ሐሳቡን አልወደደውም። «መማርሽን አልጠላም፤ ከተማርሽ ግን ነርስነት ተማሪ። የኦንላይን ዲግሪ ማን ያከብረዋል? ደመወዙስ ስንት ነው?» ይለኛል። ደሴ ያለችው እናቴ በየወሩ የምልክላትን ትጠብቃለች። እንግሊዝኛ ባወራም መጻፍ ያስፈራኛል። ልጆቼን ካስተኛሁ በኋላ ለማጥናት አስባለሁ፤ ግን በዚያ ሰዓት ዓይኔን መግለጥ ያቅተኛል። አንዳንዴም ለራሴ ብቻ እያሰብኩ ይሆን እያልኩ ራሴን እወቅሳለሁ። ልመዝገብ ወይስ ባለቤቴን ልስማ?

መልስ

ውድ እኅታችን፣

በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ ካስቀመጡት ወቀሳ ልጀምር። ለራስዎ ብቻ ቢያስቡ ኖሮ የሰው ደብዳቤ ከመሳቢያ አውጥተው ስልክ ላይ ሲጠብቁ አይውሉም ነበር። መማር መፈለግዎ ቤተሰብዎን መበደል አይደለም፤ ይሁን እንጂ ውሳኔው የሁለታችሁንም ጊዜና ገንዘብ ስለሚነካ ባለቤትዎ ጥያቄ ማንሳታቸውም ተገቢ ነው። እንዲያውም ያነሷቸው ሁለቱ ጥያቄዎች፣ ማለትም ዲግሪው የሚከበር ስለመሆኑና ስለ ደመወዙ ያነሷቸው፣ የሚደውልልዎ አማካሪ ሊመልስልዎ ይገባ የነበሩ ጥያቄዎች ናቸው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ በዚህ ወር ምንም ነገር እንዳይፈርሙ። የፌዴራል መንግሥቱ የትምህርት ድጋፍ አንድ ትምህርት ቤት ምዝገባውን ስለዘጋ የሚያመልጥ ነገር አይደለም፤ አብዛኞቹ የኦንላይን ፕሮግራሞችም በዓመት ውስጥ ደጋግመው ተማሪ ይቀበላሉ። አማካሪ ተብሎ የሚደውለው ሰው ሥራው ተማሪ ማስመዝገብ ነው። ክፉ ሰው ነው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን እርስዎ የሚያስፈልግዎት ምክር ከእርሱ የሚገኝ አይመስለኝም። ሲደውል «ትምህርት ቤቱ እውቅና ያገኘው ከየትኛው አካል ነው? የመጀመሪያ ዓመት ኮርሶቻችሁን ኖቫ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወይም ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ይቀበሏቸዋል? ጠቅላላ ክፍያው ስንት ነው? ከዚያስ ውስጥ ብድር የሚሆነው ምን ያህሉ ነው?» ብለው ይጠይቁትና መልሱን በኢሜይል እንዲልክልዎ ያድርጉ። በጽሑፍ የማይሰጥ ተስፋ ላይ ዕዳ መፈረም አይገባም።

«የኦንላይን ዲግሪ ማን ያከብረዋል?» ለሚለው የባለቤትዎ ጥያቄ እንዲህ ብዬ እመልሳለሁ፦ ቀጣሪም ሆነ ፈቃድ ሰጪ ቦርድ በመጀመሪያ የሚያየው ዲግሪውን የሰጠው ተቋም እውቅና ያለው መሆኑን እንጂ ተማሪዋ ክፍል ውስጥ መቀመጧን አይደለም። ታውቀው የሚሠሩ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በርቀት ለሚያስተምሯቸውም የሚሰጡት ያንኑ ዲግሪ ነው። የባለቤትዎ ስጋት ግን ከባዶ የመጣ አይደለም። አይ ቲ ቲ ቴክ የተባለው ለትርፍ የተቋቋመ የትምህርት ድርጅት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 ከ130 በላይ ካምፓሶቹን በአንድ ጊዜ ሲዘጋ ብዙ ተማሪዎች ዕዳና ሌላ ቦታ የማይቀበሉት ክሬዲት ይዘው ቀርተዋል። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ስም የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር በድረ ገጹ ላይ ባስቀመጠው እውቅና ያላቸው ተቋማት መዝገብ ውስጥ ይፈልጉት። ከዚያም ኮሌጅ ስኮርካርድ በሚባለው የዚሁ ሚኒስቴር ገጽ ላይ ከገቡት ተማሪዎች ምን ያህሉ እንደሚመረቁና በምን ያህል ዕዳ እንደሚወጡ ይመልከቱ። ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ ባለቤትዎ አጠገብዎ ተቀምጠው አብረውዎት ቢያዩት ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል።

በእኔ አስተያየት ግን ከኦንላይን ጉዳይ የሚበልጥ፣ በደብዳቤዎ ውስጥ ያልተነሳ ሌላ ጉዳይ አለ። ሂውማን ሰርቪስና ሶሻል ወርክ (የማኅበራዊ ሠራተኝነት ሙያ) ጎረቤት ቢሆኑም አንድ ዲግሪ አይደሉም፤ ልዩነታቸውም የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከምረቃ በኋላ ስለሆነ ሰውን ያስለቅሳል። የሂውማን ሰርቪስ የባችለር ዲግሪ በኬዝ ማናጀርነት (የሰውን ጉዳይ ተከታትሎ በማስፈጸም)፣ በመጠለያዎች፣ በአረጋውያንና በአካል ጉዳተኞች አገልግሎት፣ በስደተኞች ማቋቋሚያ ድርጅቶች ለመሥራት ያገለግላል፤ በቨርጂኒያም የካውንስሊንግ ቦርዱ በሚመዘግበው ኪው ኤም ኤች ፒ በሚባለው የአእምሮ ጤና ሙያ ለመግባት፣ ክትትል የሚደረግበት የሥራ ልምድ ተጨምሮበት፣ መነሻ ሊሆን ይችላል። የሶሻል ወርከር ፈቃድ ግን አያሰጥም። ለዚያ ፈቃድ የሚያበቃው በሶሻል ወርክ ትምህርት ምክር ቤት፣ ማለትም በሲ ኤስ ደብሊው ኢ፣ እውቅና ያገኘ የሶሻል ወርክ ዲግሪ ነው። የሂውማን ሰርቪስ ፕሮግራሞችን የሚመዝን እ.ኤ.አ. በ1979 የተቋቋመ ሌላ ምክር ቤት አለ፤ የእርሱ እውቅና መልካም ምልክት ቢሆንም የሲ ኤስ ደብሊው ኢን ቦታ አይተካም።

ይህ ልዩነት በዓመትና በገንዘብ ይመነዘራል። እውቅና ካለው ፕሮግራም በሶሻል ወርክ ባችለር ይዛ የወጣች ተማሪ፣ ውጤቷ ጥሩ ከሆነ፣ ማስተርሱን አድቫንስድ ስታንዲንግ በሚባለው መንገድ በሙሉ ጊዜ ተማሪነት አንድ ዓመት ገደማ በሚሆን ጊዜ ልትጨርስ ትችላለች። በሂውማን ሰርቪስ የተመረቀችው ግን ማስተርሱን ከፈለገች የምትገባው ሁለት ዓመት ገደማ ወደሚወስደው መደበኛ ፕሮግራም ነው። ሆስፒታል ውስጥ ከታማሚ ቤተሰብ ጋር የሚነጋገሩትንና ታማሚው ከወጣ በኋላ የት እንደሚሄድ የሚያመቻቹትን ሶሻል ወርከሮች አይተው ከሆነ፣ ብዙዎቹ ማስተርስ ያላቸው ናቸው። እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ ራስዎን ሲያስቡ የሚታይዎት የት ነው? እንደነዚያ እናት ያሉ ሰዎችን ቅጽ እየሞሉ፣ ቢሮ እያደረሱ፣ ስልክ እየደወሉ ነው? ወይስ ፈቃድ ይዘው፣ የሰው ሐዘንና ጭንቀት እየሰሙ፣ በሙያ ሲያክሙ ነው? የመጀመሪያው ከሆነ ሂውማን ሰርቪስ ይበቃዎታል። ሁለተኛው በልብዎ ካለ ግን፣ ዛሬ ሩቅ ቢመስልም፣ ከመነሻው በሶሻል ወርክ እንዲገቡ እመክራለሁ። ፍላጎትዎን ገና ለይተው ካላወቁ ደግሞ ሁለቱም መንገዶች የሚጋሯቸውን የመጀመሪያ ኮርሶች፣ ማለትም እንግሊዝኛ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሶሲዮሎጂና ስታቲስቲክስ የመሳሰሉትን፣ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ መጀመር ይችላሉ። ትምህርቱን ሳያዘገዩ ለውሳኔው ጊዜ ያገኛሉ ማለት ነው።

«ሁሉም ነገር ከቤት ሆነሽ ያልቃል» የተባሉት ላይ ደግሞ ላረጋጋዎት አልችልም። ንባቡና ጽሑፉ ከቤት ሆኖ ያልቃል፤ የመስክ ልምምዱ ግን አያልቅም። በሲ ኤስ ደብሊው ኢ ደንብ መሠረት የሶሻል ወርክ ባችለር ቢያንስ 400 ሰዓት፣ ማስተርሱ ቢያንስ 900 ሰዓት የመስክ ልምምድ ይጠይቃል፤ የሂውማን ሰርቪስ ፕሮግራሞችም አብዛኞቹ የየራሳቸው የልምምድ ሰዓት አላቸው። 400 ሰዓት በሁለት ሴሚስተር ሲከፈል በሳምንት 13 ወይም 14 ሰዓት ይሆናል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ቢሮ ክፍት በሚሆንበት በሥራ ቀን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ክፍያ የለውም። የሆም ኬር ሺፍትዎ ያን ጊዜ ምን ይሆናል? ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማን ያመጣል? ከመመዝገብዎ በፊት የልምምድ ቦታውን ትምህርት ቤቱ ይፈልግልዎ እንደሆነ ወይስ ራስዎ ይፈልጉ እንደሆነ፣ በማታና በቅዳሜ የሚሠራበት ቦታ ይኖር እንደሆነ፣ በሚሠሩበት ድርጅት ውስጥ በሌላ ኃላፊነት ልምምዱን ማድረግ ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቁ። ብዙ እናቶች በርቀት ትምህርት ሦስት ዓመት በብርታት ተጉዘው የሚቸገሩት እዚህ ላይ ስለሆነ ይህን ጥያቄ ለመጨረሻው ዓመት አያቆዩት።

ስለ ገንዘቡ ሳስብ ዲፕሎማዎ ወሳኝ ነገር ሆኖ ይታየኛል። ከደሴ ይዘውት የመጡት በእርግጥ ዲፕሎማ ነው ወይስ በኋላ በክረምት ትምህርት ወደ ዲግሪ አሳድገውት ነበር? ይህን የምጠይቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል ድጋፍ የሚሰጠው የመጀመሪያ ዲግሪ ለሌላቸው ሰዎች ሲሆን፣ በውጭ አገር የተገኘ ባችለርም እንደ ዲግሪ ይቆጠራል። ዲፕሎማ ብቻ ከሆነ ድጋፉን ማግኘትዎ የሚወሰነው በቤተሰባችሁ ገቢና በምትወስዱት ክሬዲት መጠን ነው፤ እ.ኤ.አ. ለ2025–26 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር። ዲግሪ ካለዎት ግን ፔል ይቀርብዎታል፤ በምትኩ ሌላ ባችለር ሳያስፈልግዎ በቀጥታ ለሶሻል ወርክ ማስተርስ ማመልከት ይችላሉ፤ ፕሮግራሞቹ ከየትኛውም የትምህርት ዘርፍ የመጣ ባችለር ይቀበላሉና።

ይህን ድጋፍ የሚጠይቁበት ቅጽ ፋፍሳ ይባላል፤ ለመሙላት አንድ ሳንቲም አይከፈልበትም፤ የባለቤትዎ ገቢም አብሮ ይታያል። አማካሪው «ፋይናንሻል ኤይድ ይሸፍነዋል» ሲልዎ ፔልንና ብድርን በአንድ ስም ጠርቶልዎት ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን ለይተው ይጠይቁ። ሌላም ብዙ ሰው የማይነገረው ደንብ አለ። ከሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይደርሱ ትምህርቱን ሙሉ በሙሉ ካቋረጡ ከተሰጠዎት ድጋፍ የተወሰነው ተመላሽ ይደረጋል፤ ትምህርት ቤቱም ሂሳቡን ከእርስዎ ሊጠይቅ ይችላል። ኮርሶችን እየጣሉ መሄድም በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ከተመዘገቡበት ክሬዲት 67 በመቶ ያህሉን ማለፍ ስለሚጠበቅ ድጋፉን ሊያሳጣ ይችላል። በአንድ ጊዜ አራት ኮርስ ይዘው ከመውደቅ አንዱን ይዘው በደንብ ማለፍ የሚሻልበት ምክንያት ይኸው ነው።

ስለዚህ በእርስዎ ቦታ ብሆን የምጀምረው እዚያው ከተማችሁ ካምፓስ ባለው ኖቫ፣ ማለትም በሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ በአንድ የኦንላይን ኮርስ ነበር። የግዛቱ ነዋሪ በመሆንዎ ክፍያው ከብዙ የግል የኦንላይን ትምህርት ቤቶች በእጅጉ ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮም ኖቫና ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ አድቫንስ የተባለ የጋራ መንገድ አላቸው፤ ተማሪው ኖቫ ጀምሮ ወደ ሜሰን ይሸጋገራል። ሜሰን በሲ ኤስ ደብሊው ኢ እውቅና ያገኘ የሶሻል ወርክ ባችለር ስላለው፣ የኖቫን የትምህርት አማካሪ ቀጠሮ ይዘው ወደዚያ የሚወስዱት ኮርሶች የትኞቹ እንደሆኑና ከእነርሱ ውስጥ በርቀት የሚሰጡት ስንት እንደሆኑ በስም ዘርዝረው እንዲነግሩዎት ይጠይቁ።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ሦስት ክሬዲት ያለው ኮርስ በመደበኛው የ15 ሳምንት ሴሚስተር በሳምንት ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ብዙ የኦንላይን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዋውቁት የስምንት ሳምንት ኮርስ ደግሞ ያንኑ ሥራ በግማሽ ጊዜ ስለሚያስጨርስ ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል። እርስዎ ራስዎ እንደጻፉት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ዓይንዎ አይገለጥም፤ እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ዕቅድዎን በዚያ ሰዓት ላይ አይገንቡት። ከሥራ በፊት ያለ ማለዳ፣ በሁለት ታማሚዎች መካከል ያለ ክፍት ሰዓት፣ ባለቤትዎ ልጆቹን የሚይዙበት የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የመሳሰሉትን ቆጥረው ዘጠኝ ሰዓት ይሞላ እንደሆነ አስቀድመው ይዩት። ካልሞላ የሚቀነሰው ምን እንደሆነ ሁለታችሁ ትወስናላችሁ፤ እንቅልፍዎ እንዳይሆን ግን አደራ።

መጻፍ ያስፈራኛል ላሉት፣ በኦንላይን ትምህርት ጽሑፍ በእርግጥ ብዙ ነው፤ በየሳምንቱ በውይይት ገጹ ላይ ሐሳብ መጻፍና ለሌሎች ተማሪዎች መልስ መስጠት ይጠበቃል። ይሁን እንጂ መምህሩ ፊት እጅ አውጥቶ በድንገት ከመናገር ይልቅ ደጋግሞ አርሞ መላክ ለብዙ የአገራችን ሰዎች ይቀላል። ኮሌጆች ጽሑፍ አብረው የሚያዩልዎት ረዳቶችም አሏቸው፤ ለተማሪ ክፍያ የለውም፤ በኦንላይንም ቀጠሮ ይሰጣሉ። የመጀመሪያ ኮርስዎን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እንዲያደርጉት የምመክረውም ለዚህ ነው፤ በኋላ የሚመጣው ሁሉ በእርሱ ላይ ስለሚቆም። ደግሞም እርስዎ መምህር ነበሩ፤ የዘገየ ተማሪ እንዴት እንደሚበረታ ያውቃሉ፤ ያንኑ ትዕግሥት ለራስዎ ይስጡት።

ነርስነትን በተመለከተ ባለቤትዎ ልክ ናቸው፤ ደመወዙ የተሻለ ነው፤ ሥራም በቀላሉ ይገኛል። ነገር ግን እርሱም ከቤት ሆኖ የሚያልቅ ትምህርት አይደለም፤ አናቶሚና ማይክሮባዮሎጂን የመሰሉ መግቢያ ኮርሶች አሉት፤ የሆስፒታል ልምምዱ ሰዓትም ጥብቅ ነው። ስለዚህ ምርጫው ከቀላልና ከከባድ መካከል አይደለም። ራስዎን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ከነዚያ እናት ጋር ባሳለፉት ጊዜ ይበልጥ ያረካዎት ቁስል ማጠቡና መድኃኒት ማቅረቡ ነበር ወይስ የተቆለፈባቸውን ጉዳይ መፍታቱ? ደብዳቤዎ ውስጥ ስለ ሁለተኛው በደስታ ጽፈዋል፤ ስለ መጀመሪያው ምንም አላሉም። ይህ ብቻውን ውሳኔ አይሆንም፤ ግን ሊታለፍም አይገባም።

የገቢውን ጉዳይ ደግሞ ሳልሸፋፍን ልንገርዎ። በሂውማን ሰርቪስ ባችለር የሚገኘው መነሻ ደመወዝ መካከለኛ ነው፤ ሥራውም በአብዛኛው በመንግሥት በጀት ላይ የተንጠለጠለ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የስደተኞች ቅበላ ሲታገድ የማቋቋሚያ ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን ለመቀነስ ተገደዋል። በሌላ በኩል የአረጋውያን፣ የአእምሮ ጤናና የሕፃናት ደኅንነት ሥራ በየካውንቲው ቀጥሏል፤ አማርኛ አጥርቶ የሚናገር ሠራተኛም በእናንተ አካባቢ ይፈለጋል። ሙያው ለእኛ አዲስ ነገር መስሎ የሚታያቸው ካሉም፣ በአዲስ አበባ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር፤ በደርግ ዘመን ተቋርጦ እ.ኤ.አ. በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና ተጀምሯል። እዚያው አርሊንግተን የሚገኘው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ካውንስልም እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ በአገራችን ሰዎች የተመሠረተ ድርጅት ነው።

ከባለቤትዎ ጋር ያላችሁ ልዩነት እንደ ጠብ አልታየኝም፤ ስለዚህም ሽማግሌም ሆነ የንስሐ አባት ለማስገባት አይቸኩሉ። እርሳቸው የሚፈሩት ምናልባት እርስዎ ዕዳ ውስጥ ገብተው፣ ደክመው፣ በመጨረሻም ደመወዝዎ ሳይጨምር እንዳይቀር ነው። «ለምን አትደግፈኝም?» ከማለት ይልቅ «በጣም የሚያስፈራህ የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቋቸውና እስኪጨርሱ ያድምጧቸው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር በእጅዎ ይዘው ይቅረቡ። የአሌክሳንድሪያ ከተማ የማኅበረሰብና ሂውማን ሰርቪስ መምሪያና የአርሊንግተን ካውንቲ ተመሳሳይ መምሪያ የሥራ ማስታወቂያ ያወጣሉ፤ ልብዎ የወደደውን አምስት ያህል ማስታወቂያ ያትሙና የሚጠይቁትን ዲግሪ፣ ፈቃድና የሚከፍሉትን ደመወዝ ከነርስ ማስታወቂያዎች ጋር አብራችሁ አንብቡት። ያን ጊዜ ንግግራችሁ በ«ይሻላል» እና በ«አይሻልም» ላይ ሳይሆን በተጻፈ ነገር ላይ ይሆናል። ለአንድ ኮርስ ብቻ፣ ለአንድ ሴሚስተር ብቻ እንሞክረው ማለትም ለዓመታት ተስማማ ከማለት ይልቅ ለሚሰጋ ሰው የሚቀል ጥያቄ ነው።

ለእናትዎ የሚልኩትን አሁኑኑ እንዲቀንሱ አልመክርም፤ አንድ ኮርስ ያን ያህል አያናጋም። የመስክ ልምምዱ ሲደርስና ሺፍት ሲቀነስ ግን ገቢዎ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ለዚያ ጊዜ ያስቀምጡ፤ ዕቁብ ካላችሁም ዕጣው ያን ሰሞን እንዲደርስዎ ከሰብሳቢው ጋር ይነጋገሩ። ለእናትዎም ለመማር ማሰብዎን ይንገሯቸው። ልጃቸው ልትማር መሆኑን መስማት ለእናት ከባድ ዜና አይደለም፤ ሳይነገራቸው ገንዘቡ ቢቀንስ ግን ይጨነቃሉ።

ከትምህርቱ ወጣ ያለ ቢሆንም አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ብዙ የሆም ኬር ድርጅቶች ሠራተኛ በደንበኛ የግል ሰነድና የገንዘብ ጉዳይ ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ አላቸው። ለእኒያ እናት ያደረጉት ልጃቸው ባለችበት ስለሆነ መልካም ነው፤ ወደፊት ግን የድርጅታችሁን ደንብ ተቆጣጣሪዎን ጠይቀው ይወቁ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎችን ሲረዱም ያነበቡት የሰው ምስጢር መሆኑን፣ የይለፍ ቃላቸውን አለመያዝን፣ የማያውቁትን ሲጠየቁ ወደሚያውቅ ቢሮ መምራትን ከአሁኑ ይለማመዱ። የምትማሩት ሙያ ግማሹ ይህ ነው።

በዚህ ሳምንት የሚጀመረው ሥራ ግን ትራንስክሪፕትዎ፣ ማለትም የትምህርት ውጤት ማስረጃዎ፣ ነው። የዲፕሎማዎን ክሬዲት ለማስቆጠር ትራንስክሪፕቱ የውጭ አገር ትምህርት በሚመዝን ድርጅት መታየት አለበት፤ የትኛውን ድርጅት እንደሚቀበሉ ኖቫን አስቀድመው ይጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ሰነዱ ከኮሌጁ ታሽጎ በቀጥታ እንዲላክ ይፈለጋል፤ እርስዎ እጅ ላይ ያለው ኮፒ አይበቃም። ደሴ ያለ ወንድም፣ እኅት ወይም የድሮ የሥራ ባልደረባ የውክልና ደብዳቤ ይዞ ወደ ሬጅስትራር ቢሄድ ይቻላል፤ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ግን ኮርስ እስኪመርጡ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ይደውሉላቸው።